«ሁለት ከአምስት ያንሳል» ብዬ ያስጨበጨብሁበት ስብሰባ

የሞጣው መጋዘናችን ዘበኛ ሲደውሉልኝ እኔ ቢቸና ውስጥ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከሚዛኑ ጋር እጣላ ነበር።

«የጡረታዬ ወረቀት መጣልኝ» አሉ። «ግን የእኔ አይመስለኝም።»

«ምነው አያ፣ ስምዎን አጣመሙት?»

«ስሙስ የእኔው ነው። ብሩ ነው የሌላ ሰው።»

ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና መሳቅ እችል ነበር።

ድርጅታችን እህል ይገዛል፣ እህል ይሸጣል። አንድ መጋዘን ቢቸና፣ አንድ መጋዘን ሞጣ አለው። እኔ የቢቸናው ንብረት ክፍል ነኝ፤ እሳቸው የሞጣው በር ናቸው። ለጡረታችን ደግሞ ፈንድ አለን። በየወሩ ከደመወዛችን ይቆረጣል፣ ድርጅቱም ከኪሱ ይጨምርበታል፣ ሰው ሥራ ሲለቅ የተጠራቀመው ባንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ሙስሊም ባልደረቦቻችን ወለድ ስለማይነኩ ገንዘቡ ያለ ወለድ እንዲቀመጥ ከመጀመሪያው ተስማምተናል፤ በዚያ የተጸጸተ የለም። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው ብለን ሁላችንም እናምን ነበር፤ የገባው ይወጣል።

አያም እንደዚያ አምነው ነው ቤት የጀመሩት። ዐሥራ ሁለት ዓመት የኖሩት በግቢው በር ላይ ባለችው የዘበኛ ቤት ውስጥ ነው። እሷም ብትሆን እግር ሲዘረጉ ራስ ውጭ የሚያድርባት ቤት ናት። ሥራ ሲለቁ እሷንም ለተተኪው ማስረከብ አለባቸው። እናም ከሞጣ ዳር፣ ወንድማቸው በሰጧቸው ቦታ ላይ ሁለት ክፍል አቆሙ። እንጨቱ ተተክሏል፣ ማገሩ ተመቷል፣ ጭቃው ተመርጓል። የቀረው ጣራ ብቻ ነው። ጊዜው ደግሞ ግንቦት ነበር። ጣራ የሌለው የጭቃ ግድግዳ ሰኔን ቢያልፍ ሐምሌን እንደማያልፍ በጎጃም ምድር የማያውቅ ካለ እሱ ራሱ ጭቃ ነው።

«በወር አምስት መቶ ገብቶልኛል» አሉኝ በስልክ። «በዐሥራ ሁለት ዓመት ሰባ ሁለት ሺህ ይሆናል። ከቆርቆሮ ነጋዴውም ካናጢውም ጋር የተዋዋልሁት በዚያ ነው። ወረቀቱ ግን ስድሳ ሦስት ሺህ ከምናምን ይላል። ዘጠኝ ሺህ የሚጠጋውን ምን በላው?»

«አያ፣ እርስዎ አያስቡ። እኔ የፈንዱ ኮሚቴ አባል፣ የሠራተኛው ተወካይ አይደለሁም? ነገ ጠዋት ገብቼ የሒሳብ ክፍሉን ጠረጴዛ ካራት እግሩ እገለብጠዋለሁ።»

ተወካይ የሆንሁት ዐውቄ እንዳይመስላችሁ። ስለማወራ ነው።

በማግሥቱ የሒሳብ ክፍሉን በር በርግጄ ገባሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን እናቴ ይሆናል።

«የማነው ይኼ ሌብነት?» አልሁ። «የሽማግሌ ገንዘብ ማን ነው የቆረጠመው?»

«እንደምን አደሩ ጋሼ» አለችኝና ወረቀቱን ወስዳ በእስክሪብቶዋ አንድ መስመር ነካች። «የአስተዳደር ክፍያ» ይላል። የፈንዱን መዝገብ ለሚይዝልን ድርጅት፣ በየዓመቱ፣ ከጠቅላላው ተቀማጭ ላይ ሁለት በመቶ።

«ይኼንን የፈቀደው ደንቆሮ ማነው?»

«ይቀመጡ» አለች።

«አልቀመጥም!»

«ይሻልዎታል።»

ከመደርደሪያው አንድ አቧራ የጠገበ ክላሰር አውጥታ ቃለ ጉባኤ አነበበችልኝ። «የሠራተኞች ተወካይ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ በከፍተኛ ጭብጨባ ጸድቋል።» ከሥሩ ፊርማ አለ። ያቺን ፊርማ የትም ባያት ዐውቃታለሁ፤ ጭራዋ ረጅም ነው፣ እንደ ባለቤቷ ማቆም አታውቅም።

ተቀመጥሁ።

ስብሰባው ትዝ አለኝ። አያ በተቀጠሩ በወሩ ግድም ነው፣ ዓርብ ቀን፣ ሆድ ባዶ፣ ሰዓቱ ስምንት አልፏል። እኛ ዘንድ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ መቃወም ነውር ነው፤ ሥራ አስኪያጁን እንደ መስደብ ይቆጠራል። ስለዚህ ያለን ልማድ አንድ ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ያስቃል፣ ሳቁ ወደ ጭብጨባ ይዞራል፣ ጭብጨባው ጸደቀ ተብሎ ይጻፋል፣ ሰው ወደ ምሳው ይሄዳል። የዚያ የማሳቅ ሹመት የእኔ ነው። ያን ቀን የመዝገብ ድርጅቱ ሰው ሁለት ምርጫ አቀረበልን። ወይ በየወሩ ከምትገባው መዋጮ አምስት በመቶ፣ ወይ በዓመት ከተጠራቀመው ሁለት በመቶ። አንድ ሁለት ሰው ማብራሪያ ሊጠይቅ ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ተነሣሁ።

«ወገኖቼ፣ ሁለት ከአምስት ያንሳል! ይኼ ያልገባው ካለ ጣቱን ይዞ ይምጣና ልቁጠርለት!»

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው አጨበጨበ። አያ ከሞጣ ለስብሰባው ተጠርተው ከኋላ ቆመው፣ ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

«አሁንም እኮ ሁለት ከአምስት ያንሳል» አልኋት ለልጅቱ፣ ድምፄ እየሟሸሸ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የመጋዘን ሰው አይደሉ?» አለች። «በእህል ልንገርዎ። አምስቱ ማለት፣ አዝመራ ሲገባ በር ላይ ከመቶው ቁና አምስቱን አንድ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ያ እህል የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሁለቱ ግን በር ላይ አይጠብቅም። በየዓመቱ ጎተራው ውስጥ ይገባና ያለውን በሙሉ፣ የካቻምናውንም፣ የዛሬ ዐሥር ዓመቱንም እንደገና ይሰፍራል። ከዚያ ከመቶው ሁለት ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ተሰፍሮበታል።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እህል ስሰፍር ኖሬ እንዲህ ያለ ሰፋሪ አላየሁም።

«አምስቱን ብንመርጥስ ኖሮ?»

በማስያዋ መታችው። «ከአያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ይሄድ ነበር። አሁን የሄደው ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ነው። የእርስዎንም ላስላልዎት?»

«በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ተዪኝ።»

መንገዱ ለቀናት ተዘግቶ ነበር። በተከፈተ ማግሥት ሚኒባስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ወረድሁ። ነገሩን የማለሳልስበት ቀልድ እስከ ሞጣ ድረስ ስፈልግ ነበር። ስንት ባለ ሥልጣን ያሳቅሁ ሰውዬ አንዲት ቀልድ አጣሁ።

አያን ያገኘኋቸው ቤታቸው ዘንድ፣ ለልስን ጭድ የገባበት ጭቃ በእግራቸው ሲረግጡ ነው። ሁሉንም ነገርኋቸው። አምስቱን፣ ሁለቱን፣ ጎተራውን፣ ፊርማዬን።

ጭቃውን እንደገና ይረግጡ ጀመር።

«እኔም አጨብጭቤ ነበር?»

«አዎ፣ አያ።»

«ከልቤ?»

«ከሁሉም በላይ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ፣ አንተ ስትናገር ሰው አይሰማህም። ይስቃል እንጂ።»

ጅራፍ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ሠራተኛውን አስተባብሬ እናዋጣልዎ» አልሁ።

«የሚዋጣው ለለቅሶ ነው። እኔ አልሞትሁም።» እግራቸውን ከጭቃው አነሡ። «ዘጠኙን ሺህ አልልም፤ ለመዝገብ ያዡም ይገባዋል። ከአምስቱ በላይ የተወሰደውን ግን አስመልስልኝ። አምስት ሺህ አንድ መቶ ነው። የትንሿን ክፍል ጣራ ያለብስልኛል። አንተ እንዳስጨበጨብህ አንተው አስመልስ።»

ቢቸና ተመልሼ ስብሰባ እንዲጠራልኝ በር በሩን ለመንሁ። የተጠራው ሰኔ ከገባ ነው። አጀንዳው ሲደርስ ተነሣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ከኋላ ወንበር ሳቅ ተጀመረ።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ዛሬ አልቀልድም» አልሁ።

ሳቁ እጥፍ ሆነ።

ጎተራውን ነገርኋቸው፣ ያ ሰፋሪ በየዓመቱ እየገባ እንደሚሰፍረን። አንዱ ሆዱን ይዞ «ኧረ በልልን!» አለ። «የአንድ ሽማግሌ ግድግዳ ሊፈርስ ነው!» ብዬ ጮህሁ። አጨበጨቡ። እጆቼን አጣጥፌ እየለመንሁ ነበር፤ እነሱ ግን ቄስ ያስመስላል ብለው እንባቸውን ይጠርጋሉ። በመጨረሻ ትቼው ተቀመጥሁ። መቀመጤም አሳቃቸው።

ያዳነችኝ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ተነሥታ፣ ፊቷን እንኳ ሳታነሣ፣ ከያንዳንዱ ሰው ፈንድ የሄደውን ብር በየስሙ አነበበች። አራተኛው ስም ላይ ሳቁ ቆመ። ስምንተኛው ላይ የጣራውን ኮሽታ መስማት ይቻል ነበር። የእኔን ስታነብ ጆሮዬን ደፈንሁ፤ ቢሆንም ሰማሁት።

ሥራ አስኪያጁ ብልህ ሰው ነው፤ የሰዉን ፊት አየና ቶሎ ተነሣ። «ከዛሬ ጀምሮ ክፍያው ከመዋጮው አምስት በመቶ ብቻ ይሁን። ያለፈው ግን የተዘጋ ሒሳብ ነው፤ የተዘጋ ሒሳብ አይከፈትም።»

ሰው ተነፈሰ። አጨበጨበ።

እኔ እጄን አወጣሁ። በሕይወቴ ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። «የአያስ?»

«ተጨብጭቧል እኮ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ በትሕትና። ሁሉም ወንበሩን እየገፋ ነበር።

ለአያ ለመደወል ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የደወልሁ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሞጣ ላይ የሚወርደው ዝናብ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«ወሬውን ሰምቻለሁ» አሉ። «ትልቋን ክፍል ከድኛታለሁ። የትንሿን ግድግዳ ሸራ አልብሼ ቆሜያለሁ። ሲስቁብህ ምን አልህ?»

«ዛሬ አልቀልድም አልሁ፣ አያ።»

«ከዚያስ?»

«እጥፍ አድርገው ሳቁ።»

ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ድም ብሎ ወደቀ፤ እንደ ረጠበ ጭቃ ያለ ከባድ ነገር። «ቆይ፣ ሸራውን ነፋሱ ገፈፈው» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ሄዱ። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ሁለተኛ ድምታ ሰማሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛ። «አያ!» እያልሁ ተጣራሁ። ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ።