ምንም ያልነካት ብርቱካን

ልጅ ሳለሁ፣ ዳንግላ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ያሳደጉኝ አክስቴ ኩራዝ ለኩሰው፣ በከሰል ምድጃው ዙሪያ ሰብስበውን ተረት ይነግሩን ነበርና። ደስታዬን ያበላሸችብኝ ብርቱካን ናት። ብርቱካን የአጎቴ ልጅ፣ ለትምህርት ከግምጃ ቤት ከተማ መጥታ እኛው ዘንድ የምትኖር፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ልጅ ነበረች።

አክስቴ ያኔ የሚወዱት ተረት ስለ አንዲት የዘንገና ሐይቅ ዳር ልጅ ነበር። የንጉሡ መልእክተኞች ለልዑሉ ሚስት ሊመርጡ ሲመጡ የአገሩ ቆነጃጅት ተኳኩለውና ተሽሞንሙነው ይሰለፋሉ፤ እሷ ግን ገና ሳይነጋ ፊቷን በሐይቁ ውኃ ታጥባ ብቻ ትመጣለች፤ ትመረጣለች። እዚህ ላይ ሲደርሱ ፍሙን ቆስቆስ አድርገው በብርሃኑ ብርቱካንን ያዩዋታል። «ልክ እንደዚች ነበረች። ኩል አልነካት፣ ቅባት አልነካት፤ እንዲሁ እግዜር ሠርቶ የጨረሳት!»

እኔንስ? እኔን ጀምሮ ትቶኝ ነው? ጭሱ ነው እያልኩ ዓይኔን እጠርግ ነበር እንጂ ቅናት አንጀቴን በልቶት ነበር። አክስቴ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እኔን አይተው እንዲያ እንዲሉልኝ ነበር የምመኘው።

ተረቱንማ አምኜዋለሁ። አንድ የሰርግ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ደጅ ካለው በርሜል በዚያ ብርድ ታጠብኩ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ስመለስ ጓዳ ውስጥ ብርሃን አየሁ። ብርቱካን የስልኳን መብራት አብርታ መስተዋት ፊት ተቀምጣለች። ማታ የተኳለችውን ኩል ጥላው ብቻ እስኪቀር በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ የፊት ቅባቱን በጣት ጫፍ መታ መታ እያደረገች ትቀባለች፣ ታብሳለች፣ እንደገና ትቀባለች፤ ከንፈሯን ቀይ ታስነካና መልሳ በሶፍት ታነሳዋለች። ወይ ጉድ! ይቺ ናት ምንም ያልነካት!

«ለአክስቴ ነው የምነግርልሽ!» አልኳት።

«ዝም በይና ነይ ቁጭ በይ» ብላ አገጬን ያዘች። ሲነጋጋ ጨረሰችኝ። መስተዋት ሳይ ያው እኔው ነኝ፤ ግን በደንብ የተኛሁ እኔ። «ምንም አይታይም እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ።

«ሰው ካወቀብሽማ ምኑን ተቀባሽው?»

አክስቴ ነጠላቸውን እያጣፉ ገቡና ቆም ብለው አዩኝ። «እሰይ የኔ ልጅ! አንቺም እንዲህ ነሽ ለካ! እንዲሁ እግዜር ሠርቶ የጨረሰሽ!»

ስንት ዘመን የተመኘሁት ቃል! ከጀርባቸው ግን ብርቱካን አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። የተመሰገነው የእሷ እጅ ነበር። ልናገር ብል የራሴን ውዳሴ ማጣቴ ነው፤ ላልቅስ ብል ኩሉ ይፈሳል። ዋጥ አድርጌው ሰርግ ሄድኩ።

ዛሬ እኔም እጄ ለምዷል። «አንቺ እንኳ ሳትቀቢም ታምሪያለሽ» የሚለኝ ሲገጥመኝ ግን መጀመሪያ የምትታወሰኝ እሷ ናት። ቁንጅናዋ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር እላት ነበር፤ እሷ ግን እኔ ተኝቼ ሳለሁ በየማለዳው ለፍታበታለች። ሰው በልፋት ላይ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።