ቀጥ ያለው ወይስ የታጠፈው? ከአባባ ጋር እስከ ባቱ

ከአዳማ የወጣነው ቅዳሜ ማለዳ፣ በእህቴ በሰናይት ቪትዝ ነው። ከኋላ ሁለት ስኮፖች ጭነናል። ስኮፕ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሎ በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ ሩቅ ያለን ወፍ አጠገባችሁ የሚያመጣ መነጽር ነው። ያዋሰኝ ወፍ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን የሚያስጎበኝ ጓደኛዬ ሲሆን፣ ሁለቱንም ሞክሬ አንዱን እንድወስድ ተስማምተናል። አንደኛው እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ ነው። የሁለተኛው የዓይን ጫፍ ወደ ላይ ስለታጠፈ የሚያየው ሰው ማቀርቀር አለበት።

የምፈልገው ለአባባ ነው። አባታችን ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ላይ ሲሠራ፣ በእረፍት ቀኑ በመስኖው ቦይ ዳር ወፍ ሲያይ የሚውል ሰው ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንገቱ ወደ ፊት ደፋ ብሎ ቀረ፤ ቀና ማለት አይችልም። ዓይኑ ግን ደህና ነው። እንውጣ ስንለው “ምን ላይ ብዬ?” ይለናል። ይህን መልሱን ላስጥለው ቆርጬ ነው የተነሳሁት።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው ቀጥ ያለው ላይ ነበር። ጓደኛዬ የታጠፈውን “ጎባጣው” እያለ ስለሚጠራው፣ በአባባ ፊት ስሙን ማንሳትም ከብዶኝ ነበር።

ቆቃ

ሞጆ ላይ የጭነት መኪናዎቹ ሰልፍ አጓተተን። ሰናይት ተሳቢ ባየች ቁጥር ታጉረመርማለች፤ አባባ ከፊት ወንበር ጉልበቱን እያየ ተቀምጧል። ወደ ሐዋሳው መንገድ ታጥፈን ቆቃ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ፔሊካኖች ውሃው ላይ በቡድን ሆነው ዓሣ ያሳድዳሉ።

ቀጥ ያለውን ተከልኩ። ፊቴን ወደ ወፎቹ ሳዞር እሱም አብሮኝ ስለሚዞር ወዲያው አገኘኋቸው። ሰናይት አይታ ተደነቀች። አባባም ጠጋ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ፣ ቶሎም ተመለሰ።

“አየሁ። በጣም ያምራሉ፤ ተባረክ” አለኝ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የታጠፈውን ከቦርሳው ሳላወጣው ምርጫው እንዳለቀ ለሰናይት እያወራሁላት ጉዞ ቀጠልን።

ባቱ

መቂ ላይ ቲማቲምና ሐብሐብ ገዛን፤ ዋጋው ከአዳማ ገበያ በብዙ ይረክሳል። ባቱ ገብተን ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ በላን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ራሰ በራ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ፣ ተራ እንደያዘ ደንበኛ ከጠረጴዛችን አጠገብ ቆመዋል። መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አስጋሪ አባባን “አካም ጅርቱ፣ አባ?” ብሎ በአክብሮት ሰላም አለው። አባባም በኦሮምኛ መልሶለት ትንሽ ተጫወቱ። ሰውየው ነው አንድ ዓሣ በል ንስር ሁልጊዜ ከዳር ያለው ረጅም ግራር ጫፍ ላይ እንደሚውል የነገረን።

ቀጥ ያለውን ንስሩ ላይ አነጣጠርኩ። ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ የፊቱን መስታወት በክዳኑ ሸፍኜ አባባን ደግፌ ላመጣው ሄድኩ። መጣ፤ ጎንበስ አለ፤ ከጉልበቱም አጠፍ ብሎ ታገለ።

“አየሁት። እንዴት ያምራል!”

እኔ ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ሳስጠጋ ጨለማ ሆነብኝ። ክዳኑን ረስቼ አላነሳሁትም ነበር።

ሰናይት አየችኝ። ቀስ ብላ “አባባ፣ ምን አየህ?” አለችው። ሰውየው መረቡን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። አባባ ትንሽ አፈረና ፈገግ አለ።

“ልጆቼ ይህን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብላችሁ ለፍታችሁ፣ እንዴት አላየሁም ልበል?”

ይሉኝታ የማላውቀው ነገር አይደለም፤ እኔም ሰው ቤት ሳልጠግብ ጠግቤያለሁ እላለሁ። ግን ቆቃ ላይም አንድም ወፍ እንዳላየ ያኔ ገባኝ። ቀጥ ባለው ስኮፕ ውሃ ላይ ያለን ወፍም ሆነ የዛፍ ጫፍ ለማየት ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ አባባ የማይችለው ደግሞ እሱን ነው።

የታጠፈውን አወጣሁ። አባባ ቅርጹን አይቶ ሳቀና “ይሄ ጎባጣ እኔን ይመስላል፤ ከተግባባን እናያለን” አለ። ማነጣጠሩ አላበኝ። ዓይኔ ወደ ታች እያየ መስታወቱ ወደ ላይ ስለሚያይ፣ ቅጠልና ሰማይ ብቻ ይመጣብኛል። ንስሩ እንዳይሄድብኝ ስፈራ ቆይቼ፣ በመጨረሻ የቧንቧውን ጎን ተከትዬ አገኘሁት። ለአባባ ወንበር አቀረብንለትና ማቆሚያውን ዝቅ አደረግኩ። እንዳቀረቀረ ዓይኑን አስጠጋ።

አየሁም፣ ያምራልም አላለም። ይሄም አልሆነም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ንስሩ ጮኸ።

“ሲጮህ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል” አለ አባባ ዓይኑን ሳያነሳ። “ረስቼው ነበር።”

ሰናይት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

አዳማ፣ ስንመለስ

ቤት የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ስኮፕ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቀጥ ያለው ወፉን ፈልጎ ለማግኘት ይፈጥናል፤ የታጠፈው መለማመድ ይጠይቃል፤ ወንበር ላይ ለተቀመጠና ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ግን አቻ የለውም። ከሁሉ በላይ ለሰው ስትሞክሩት “አየህ?” ብላችሁ አትለፉ፤ ምን እንዳየ ጠይቁት።

ቀጥ ያለውን ለጓደኛዬ ልመልስ ስጠቀልል አባባ ከግቢ ጠራኝ። የታጠፈውን፣ ድሮ ራሱ በተከለው ማንጎ ሥር አስቀምጦ አቀርቅሮበታል። ከግንዱ በቀር የዛፉን አናት ካየ ዓመታት አልፈውታል።

“ጫፉ ላይ እንዲህ አፍርቶ” አለ፣ “ማንም አይነግረኝም?”