እናቴ ያወጣችው የአዳር ደንብ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ሲያወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታው። እናቴ ከጅዳ የተመለሰች ዕለት ሻንጣዋ ልክ እንደዚያ ነበር የሸተተው። ገዢው እየገፋኝ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ልቤ ያደግኩባት መካነ ሰላም ደርሷል።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሞቷል። እናቴ በዓረብ አገር ላቧ በሠራቻት ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ። እሷ ስትስቅ የያዝኩት የሒሳብ ቀመር ሁሉ ብን ይልብኛል። ይህንን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ እናቴ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ "እማ፣ እኔ የምወደው ወንድ አይደለም፤ ሴት ነው" አልኳት።

ያጠፈችውን አንሶላ ፈታች። እንደገና አጠፈችው። ከዚያ ተነስታ እራት ልትሠራ ጓዳ ገባች።

በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ለፈተና አብረን ልናጠና፣ እኛ ቤትም ልታድር ቀጠሮ ነበራት። እናቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። ዝናብ አባርቶ ጎመኑ ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ አፈሩ ይሸታል።

"ትምጣ" አለች። "ስታጠኑ በሩ አይዘጋም። ስትተኙ እሷ ከእኔ ጋር፣ አንቺ ሳሎን።"

ተናደድኩ። "የሰው ልጅ ሁሉ ከጓደኛው ጋር ያድር የለም እንዴ?"

"ወንድምሽ የሚወዳትን ልጅ አምጥቶ፣ አብሬያት ልደር ቢለኝ እሺ እላለሁ?"

"አትይም።"

"እንግዲያውስ ላንቺም ያው ነው። ለሱ የከለከልኩትን ላንቺ አልፈቅድም። ለሱ የማልነፍገውንም ላንቺ አልነፍግም።"

ያኔ ነው የገባኝ። በሽተኛ አላለችኝም፣ አልረገመችኝም። ፍቅር እንደያዛት እንደማንኛዋም ልጅ ቆጥራ ተቆጣችኝ። ተከልክዬ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፈተናው ሊደርስ ሲል የአባቴ ወንድም ከወረኢሉ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ "ልጅቷ ወንድ ትሸሻለች አሉ። አንድ ነጋዴ ጠይቋታል፤ ኒካህ ይታሰርና ወሬው ይብቃ" አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

እናቴ ውሃ አቀረበችለትና ከፊቱ ቆመች። "እርስዎ የሟች ወንድም ነዎት፤ አከብርዎታለሁ። ልጄን ግን ወላሂ አልሰጥም። ፈተና አለባት።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል። ልጆቼን ያሳደገልኝ ሰው አይደለም።"

አጎቴ ውሃውን ሳይቀምስ ወጣ።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት እኔም ጓደኛዬም አልፈን ነበር። እናቴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ጓደኛዬ ኋላ አግብታ ወለደች፤ ዛሬም እንደዋወላለን። እናቴ ካረፈች ግን አራተኛ ዓመቷ ነው።

ያን የውጤት ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ በገበያው መካከል፣ እንደ ሕፃን እጄን ያዘችኝ። ሰዎች ዞረው ያዩን ነበር። እሷ ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ ለሚጠይቃትም ለማይጠይቃትም፣ "ልጄ ናት" ትላለች።