ከምግብ ያልቆጠርኩት እሸት

ልጄ ባቄላ አልበላም ሲል ቅንጦት መስሎኝ ነበር። አምስት ዓመቱ ነው። ጥቅምት ላይ ዳባት አጠገብ ካለው ማሳችን ቆመን እሸት ስንፈለፍል እሱ ብቻ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። እህል የሚመርጥ ልጅ አልወድም፤ ምርጫው ሲያድግ ወደ ሥራም ወደ ሰውም ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። ካልበላህ ከዚህ አትንቀሳቀስም አልኩት። እያለቀሰ አንድ እፍኝ ጥሬውን በላ።

በሁለተኛው ቀን መነሳት አቃተው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱ ጥቁር ሻይ መሰለ። ጎረቤቶች የወፍ በሽታ ነው፣ ወስደህ ክንዱን አስተኩሰው አሉኝ። እኔ ከልጆቼ ደብተር ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ፤ ወፍ በላዩ በማለፏ ሰው ይታመማል የሚለውን አልቀበልም። ሆኖም ግማሽ ቀን አመነታሁ። ከዚያ እኔና እናቱ በሚኒባስ ይዘነው ደባርቅ ሐኪም ቤት ገባን። መንገዱን ሙሉ ልቡ ደረቴ ላይ እንደ ጫጩት ልብ ይመታ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የልጁ ደም እየፈረሰ እንደሆነ ነግሮን ምን እንደበላ ጠየቀኝ። እንጀራ በአተር ሽሮ አልኩ። ሌላስ? ምንም። መድኃኒት፣ ሥር፣ ቅጠል? ምንም አልኩ። መጠርጠሩ አናደደኝ። መዋሸቴ አልነበረም፤ እኛ ዘንድ እሸት ማሳ ላይ የሚቀመስ እንጂ ከምግብ የሚቆጠር አይደለም።

ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ «አባባ ባቄላ አበላኝ» አለ።

«ዝም በል» አልኩት። ሊሞትብኝ የደረሰውን ልጅ ነው እንዲህ ያልኩት።

ሐኪሙ ግን ብዕሩን አስቀመጠ። ጥሬውን እንደሆነና መቼ እንደበላ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ቀይ የደም ሕዋስ ግሉኮስን ተጠቅሞ ራሱን የሚጠብቅበት አንድ ኢንዛይም አለ፣ ልጁ ያ ሳይጎድለው አይቀርም፣ ባቄላ ሲበላ ሕዋሱ መከላከያ አጥቶ ይፈርሳል አለን። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ግሉኮስ የሚለውን ነው። የማውቀው ግሉኮስ ደግሞ ከብረት ላይ ተሰቅሎ የሚንጠባጠበውን ነው።

«ከጎደለው ይሰቀልለት እንጂ፣ ምን ይጠበቃል?»

«ስኳሩ አይደለም የጎደለው አባቴ፤ በስኳሩ የሚሠራው ነው። አሁን ደም ነው የሚያስፈልገው። የእርስዎን እንየው።»

ተመረመርኩ፤ ደሜ ከልጁ ጋር ተስማማ። የደሙ ከረጢት እስኪሞላ ሐኪሙ ችግሩ ለወንድ ልጅ የሚደርሰው በእናት በኩል መሆኑን አስረድቶ ሚስቴን ስለ ቤተሰቧ ጠየቃት። ወንድሟ በልጅነቱ፣ በእሸት ወቅት፣ ወፍ ገደለው ተብሎ መቀበሩን ነገረችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ልጄን እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ ትል ጀመር። ዝም ብል ጥፋቱ እሷ ላይ ይቀር ነበር። ለአንድ አፍታ እንዲቀርም ተመኝቻለሁ።

«አንቺ የሰጠሽው ሳታውቂ ነው» አልኳት። «እኔ ግን እንባውን እያየሁ ነው ያበላሁት።»

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ዓይኗን በቱቦው ከሚወርደው ደም ላይ አላነሳችም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጁ ራበኝ አለ። ምን ልስጥህ አልኩት። መጀመሪያ እናቱን አየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዳቦ አለኝ።