እትዬ መርፌን መምሰል ያቃታት ሴት

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ልጅ የተረከበችው በአምስት ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ሲፋቱ ሁለቱም «ለጊዜው አንቺ ጋ ይቆይ» ብለው ሄዱ፤ ጊዜው አላልቅ አለ። በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በአልጋዋና በስፌት መኪናዋ መሃል አደገ።

ለትምህርት አልታደለም። ሰው መቅዳት ላይ ግን የሚያህለው አልነበረም። የርዕሰ መምህሩን አረማመድ ለክፍሉ አሳይቶ ሁለት ሳምንት ተባሯል። አንድ ቀን ከበር ውጭ የጡረተኛውን ጎረቤታቸውን ሳል ሲያስል፣ አክስቱ «ይግቡ አባባ» ብላ ከወንበሯ ተነስታለች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያኔ የሳቀችውን ሁሉ ዛሬ መልሳ ብትተፋው ደስ ባላት።

ካደገ በኋላ ስልክ መጠገኛ ቤት ተቀጥሮ ስድስት ወር ሠራ። ከዚያ ቪዲዮ ጀመረ። ከደረጃ ወደቀ፣ ፊቱን ሊጥ ቀባ፣ ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ አኘከ። ከአክስቱ በቀር ዞሮ ያየው የለም።

አንድ ከሰዓት የእሷን ሻሽ አሰረ፣ መቀመጫው ላይ ትራስ ወተፈ፣ ስፒል በከንፈሮቹ ይዞ ግራ እግሩን እየጎተተ «ትከሻ ጣል!» አለ። ልብስ ስትለካ የምትለውን ነው። እሷ በሠላሳ ዓመት ከሰፋችለት ሰው የሚበልጥ በሦስት ቀን አየው። የሚጫወታትን ሴትዮ «እትዬ መርፌ» አላት።

እግር መጎተቱንስ ትችለው ነበር፤ የስፌት መኪናው ፔዳል ያተረፈላት ነው። እትዬ መርፌ ግን የደንበኛዋን ልብስ ብብቱ ላይ ታሸታለች፣ ከዚያ እንትፍ ትልበትና በምራቁ እጥፋቱን ታሽበታለች። ይህን እሷ አድርጋው አታውቅም። ሰው አብልጦ የወደደው ደግሞ ምራቁን ነው።

ደንበኞቿ ስልካቸውን እየደቀኑ «እስቲ እንትፍ በይበት እትዬ» ይሏት ጀመር። አንዲት እናት የልጇን የሠርግ ጨርቅ ሳይቆረጥ መልሳ ወሰደች። «ቀልድ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን አንዴ ዓይኔ ውስጥ ገባ» አለቻት።

«ይህችን ሴትዮ ቅበራት» አለችው አክስቱ የዚያኑ ቀን። «እንጀራዬን እየዘጋችው ነው።»

«አንዴ ብቻ አንቺው ራስሽ ቪዲዮው ላይ ውጪልኝ» አላት። «እውነተኛዋ እትዬ መርፌ ይቺ ናት ብለን እንሰናበታቸው። ከዚያ ትሞታለች።»

«ማልልኝ።»

«አንቺ ሙች!»

የሚቀርጽበት ክፍል አንዱ ግድግዳ ብቻ ቢጫ ተቀብቷል፤ ሌሎቹ ሻጋታ አውጥተዋል። እርጥብ ካልሲና የከረመ ዘይት ይሸታል። አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ይዛ ገባች።

«አክስቴ፣ እግርሽን አልጎተትሽም።»

«ጎትቻለሁ።»

«እንዲህ አይደለም፤ ቆይ ላሳይሽ» ብሎ እየጎተተ ሄደ። «አንቺን አትመስዪም እኮ!»

ቀራጩ ጓደኛው «ትንሽ ይትፉበት፣ እትዬ» አለ።

«እኔ ጨርቅ ላይ ተፍቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ሰዉ በምን ያውቅዎታል?»

ስድስት ጊዜ ሞከሩ። በስድስተኛው ልጁ ተነፈሰና ሻሿን ከራሷ ላይ ፈቶ፣ ገና ሙቀቷ ሳይወጣለት፣ ራሱ ላይ አሰረው። «በቃ፣ አንቺ ደንበኛዋን ሁኚ።»

ፀጉሯን ተራቁታ ቆመች። እትዬ መርፌ ለደንበኛዋ የሰፋችውን ቀሚስ አሸተተች፤ እንትፍ አለችበት። አክስቱን አቅለሸለሻት፤ ያቅለሸለሻት ነገር ስድብ ሆኖ በአፏ ወጣ።

«አንቺ ጥርሰ ወልጋዳ! ይሄ ቀሚስ ነው ጆንያ? እጅሽ ሬሳ ሲገንዝ ነው ወይ የኖረው?»

ቀራጩ በሳቅ ፈነዳ። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሳቁ በጀርባዋ ላይ እንደ ሙቅ ውኃ ወረደ። ሰው በእሷ ሳይሆን በተናገረችው ሲስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጨመረች።

«መካን! የሰው ልጅ ስታሳድጊ አርጅተሽ፣ ማን ሊቀብርሽ ነው?»

ልጁም ሳቀ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው በዚህኛው ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልኩን እያውለበለበ ሱቋ መጣ። «አክስቴ፣ ጉድ ፈላ! ክፍል ሁለት እያሉ ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው! ደንበኛዋን ነው የሚፈልጉት!»

«ትሞታለች ብለህ ምለህልኛል።»

«ምያለሁ። አሁን ግን እንዴት አድርጌ ልግደላት? አንቺው ነፍስ ዘራሽባት!»

ስልኩን ከአፍንጫዋ ሥር ደቀነላት። የራሷን አፍ አየች፤ በሰፊው ተከፍቶ፣ የጎደለው መንጋጋዋ እየታየ። ከሥሩ ሰው የጻፈውን አነበበላት፤ «አሮጊቷ ትደገም»፣ «መካን ያለችበት ቦታ ገደለኝ»። ሊያስመልሳት ደረሰ። ምራቋን ዋጠች።

እየዋጠች ሳለ ግን አንድ ሐሳብ ሽው አለባት፦ ሬሳ ያልኳትን ነገር ቸኮልኩባት፤ ቀስ ብዬ ብላት ኖሮ ይበልጥ ያስቅ ነበር። ማሰቧን ባወቀች ጊዜ ከልጁም፣ ከሳቂዎቹም ይልቅ የራሷ ነገር ቋቅ አላት።

ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«መቼ ነው?» አለችው፣ ፊቱን ሳታይ።