የሩዙ ማሰሮ ከገርጂ እስከ ኮልፌ

እህልን ከመሬት የሚያወጣ፣ የሰውንም ልብ በእህል የሚያጸና እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ በሰኔ፣ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ከኮልፌ ወደ ገርጂ ያደረግሁትን የአንድ ቀን ጉዞ እጽፋለሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ ጭንቀቱ ግን ረጅም ነበር።

የጉዞዬ ምክንያት ምራቴ ላን ናት። ላን ቬትናማዊት ናት፤ ልጄን ሳሙኤልን ስታገባ ተጠምቃ ከእኛው ጋር በኮልፌ ትኖራለች። ሳሙኤል በጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የምንጠብቀው እኔና እርሷ ነን። ዘንድሮ እናቷ በአገሯ ዐረፉ፤ ለቀብራቸውም አልደረሰችም። ከዚያ ወዲህ የእናቷን ስም አንሥታ አታውቅም፤ ምግብም የምትቀምሰው ስንለምናት ብቻ ነው።

በአገሯ፣ በጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን የሚከበር በዓል አለ። በዚያ ቀን ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ሌላ ነገር አፉ ሳይገባ፣ ተቀቅሎ በእርሾ የተጠነሰሰ የሚያጣብቅ ሩዝ ይበላል። በሆድ ያለውን ትል ይገድላል ይላሉ። በእነ ላን ቤት ደግሞ የቤቱ ታላቅ ሳይቀምስ ሌላው አይቀምስም። «አባባ፣ ዘንድሮ ከእኔ ጋር ይበላሉ?» ብላ ስትጠይቀኝ ፊቷን አይቼ እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ይህ ሩዝ በሙታን ፊት ይቀርባል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለጣዖት ከተሠዋው እንድንርቅ ደግሞ ሐዋርያት አዝዘዋል። አልበላም ብላት በሐዘኗ ዓመት በዓሏን ብቻዋን ትቀመጣለች። ብበላና የተሠዋ ሆኖ ቢገኝ በእግዚአብሔር ፊት ምን እመልሳለሁ?

ላን ራሷ የጠነሰሰችው ሩዝ ሁለት ጊዜ በኮልፌ ብርድ ሻግቶ ተጣለ። ገርጂ የምትኖር ሆዋ የምትባል የአገሯ ልጅ ግን ለእርሷም ጭምር ጠንስሳ ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ማሰሮውን እኔው ላመጣ ተነሣሁ፤ በማንም ፊት ያልቀረበ መሆኑን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ከጦር ኃይሎች ወደ መገናኛ

ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ እስከ ጦር ኃይሎች በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ሄድኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ የተሳፋሪው ልብስ ሁሉ እርጥብ ነበር፤ መስኮቱም በትንፋሽ ጉም ለብሶ የት እንደ ደረስን አይታይም። ቆሜ ዳዊት መድገም ጀመርኩ። ከልጅነቴ በቃሌ የያዝኩትን መዝሙር መሐል ላይ ሳትኩት፤ እንደገና ብጀምር እንደገና ሳትኩት። ልቤ ከእኔ ጋር እንዳልነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መገናኛ ወርጄ፣ በጭቃው ውስጥ ተሰልፌ የገርጂ ታክሲ ያዝኩ።

ገርጂ

ሆዋ የምትኖረው ከአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት ነው። ማሰሮው ከከሰል ምድጃው አጠገብ እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፣ «ይህ በማን ፊት ቀርቧል?» አልኳት።

«በሞቱት አባቶቻችን ጠረጴዛ ማለትዎ ነው? የእኔ ነገ ይቀርባል፤ ያ ማዶ ያለው ነው። የላን ገና አልተከፈተም። ያልተከፈተ ማሰሮ ለማን ይቀርባል?» አየት አደረገችኝና፣ «እርስዎ ግን ፖሊስ ነዎት እንዴ?» አለች።

አፈርኩ፤ ደረቴ ግን ቀለለኝ።

«እንዳይበርደው፤ እንዳይናጥ። አፉንም አጥብቀው አይዝጉት፤ ይተነፍሳል» አለችኝ።

«ጠላም እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ ያውቁታል፤ ምን አደከመኝ?»

መልስ

ባቡሩ ሲመለስ ሰው በሰው ላይ ስለነበር ሚኒባስ መረጥኩ። ረዳቱ ማሰሮውን አይቶ፣ «አባቴ፣ ይቺ ወንበር ከያዘች ሒሳብ ትከፍላለች» አለኝ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ በጋቢዬ ሸፈንኳት።

ስታዲየም ላይ የደብራችን ምእመን ወይዘሮ ዘነበች ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ። ጥቂት እንደ ሄድን፣ «የኔታ፣ አንድ ነገር ሸተተኝ» አሉ።

«ዝናቡ ይሆናል» አልኩ።

በጾም፣ እኔ የማስተምራቸው ሰው ፊት፣ ጋቢዬ ጠጅ ጠጅ ይል ነበር። እሑድ በቅጥሩ የሚወራው ታየኝ። ስለዚህ እያወቅሁ፣ በጋቢው ሥር የማሰሮውን አፍ በላስቲክ ሸፍኜ በሲባጎ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሜክሲኮ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም ማሰሮው ያጉረመርም ጀመር። እንደ ምንም ይታገሣል ስል ላስቲኩ ጧ ብሎ ተፈናጠረ፤ ጭማቂው በጉልበቴ ላይ ወረደ፤ ሽታውም ታክሲውን ሞላው።

«አባቴ፣» አለ ረዳቱ፣ «ሌላው በጾም ያቆማል፤ እርስዎ ይጀምራሉ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ዘነበች አልሳቁም። የላንን ሐዘን፣ በዓሉን፣ የማሰሮውን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ይህን ላለመናገር ነው ማሰሮውን ያነቁት?» አሉኝ። ከቦርሳቸው ንጹሕ መሐረብ አውጥተው አፉን አላላ አድርገው ሸፈኑልኝ። «ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ የቀረውን እንኳ ለልጅቱ ያድርሱላት።»

ከዚያ እስከ ኮልፌ ዓይኔን ከማሰሮው አላነሣሁም። ላን በር ላይ ተቀበለችኝ። መሐረቡን ገልጣ አሸተተች፤ የጎደለውንም አየች። «በርዶታል፤ ነገ እናየዋለን» ብላ ወስዳ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። የተበላሸ መሆን አለመሆኑን ልጠይቃት አልደፈርኩም።

የበዓሉ ቀን

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለት ጎድጓዳ ሳሕን ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ አገኘሁ። ሩዙ ነጭ ነው፤ ፍሬው አብጦ በገዛ ጭማቂው ውስጥ ተኝቷል። ያን ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ለማንሣት የፈራሁትን ተናገርኩ።

«ልጄ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። የእናንተ ደንብ ደግሞ ጠዋት ነው።»

ላን ሳሕኖቹን ከደነቻቸው።

«አባባ፣ ምሳዎን የማቀርበው እኔ አይደለሁም? ሰዓቱ ይጠፋኛል?» አለች። «ደንቡ ባዶ ሆድ ነው። እኛ ቤት ባዶ ሆድ የሚገኘው ጠዋት ብቻ ነበር፤ እርስዎ ዘንድ ግን እስከ ዘጠኝ አለ። እጠብቃለሁ።»

ጠበቀችኝ፤ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። በዘጠኝ ሰዓት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ ባርኬ፣ አንድ ማንኪያ አነሣሁ። በመጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ኋላ ጉሮሮ ላይ ሞቅ ይላል። ዓይኗ ከፊቴ አልተነቀለም።

«መልካም ነው» አልኳት።

እርሷም ቀመሰች፤ ጥቂት አላመጠች። «እናቴ ከዚህ የተሻለ ነበር የምትሠራው» አለች።

እናቴ ስትል የሰማኋት ከሞታቸው ወዲህ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወሬው አላቋረጠም። እናቷ የልጆቹ እግር መሬት ሳይነካ ሳሕኑን አልጋ ድረስ ያመጡላቸው እንደ ነበር፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጭማቂውን ሰርቆ ጠጥቶ ትምህርት ቤት እንቅልፍ እንደ ጣለው እየሳቀች ነገረችኝ። እያለቀሰችም ነገረችኝ። ሳሕኗን ግን ጨረሰች፤ ሁለተኛም ጨመረች።

እኔ ሩዙ በማን ፊት እንደ ቀረበ ስመረምር ሰንብቻለሁ፤ መመርመሬም አይጸጽተኝም። ልጅቱ ሐዘኗን የምታቀርብለት ሰው አጥታ በአንድ ጣሪያ ሥር ከእኔ ጋር እንደ ነበረች ግን ማሰሮ ተሸክሜ ከተማውን እስካቋርጥ ድረስ አላስተዋልኩም።

ይህን የምታነብ ሆይ፣ የአንተንም ቤት እግዚአብሔር ይጎብኝ። ከሩቅ መጥቶ በማዕድህ የተቀመጠውን እንግድነት አይሰማው፤ ሐዘንተኛህ የሚሰማው አይጣ፤ እህልህ ይበርክት፤ መንገድ ላይ ያለውም ልጅህ በሰላም ይግባልህ። አሜን።