ቡሪ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘንበው ዝናብ

ኻርቱም ውስጥ፣ ቡሪ ሰፈር የምሠራበት ቤት አባወራ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። እኔ «ያ ሐጅ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ያ ቢንቲ»፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ይሉኛል። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ደመና ሲያስተምሩ ኖረው አልበቃ ቢላቸው፣ ጣራቸው ላይ የአየር ሁኔታ መለኪያ ተከሉ። ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ዝናቡን እየለካ ወደ ኮምፒውተራቸው ይልካል። የኻርቱምን ሙቀት እኔ ልብስ ሳሰጣ በአናቴ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው ግን ከማሽኑ ካልሰሙ አያምኑም።

ይህን የሚመዘግበውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ችግር ይገጥመዋል፤ መፍትሔ ሲያገኝ ለሌላው ጽፎ ያስቀምጣል። ሐጁ ከቁርስ በኋላ ይህንኑ እያነበቡ የሰው ነጠላ ሰረዝ ያርማሉ። መምህርነት ጡረታ አይወጣም።

እኔ ደግሞ ከወሎ ይዤው የመጣሁት ዓመል አለኝ፤ አቧራ አይቼ ማለፍ አልችልም። ሀቡብ፣ ያ ቀዩ የአሸዋ ነፋስ፣ በመጣ ቁጥር የዝናብ መለኪያው አፍ በአቧራ ይደፈናል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣራውን ስጠርግ አንድ ጆግ ውኃ አፍስሼ አጥበው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሙያ በልብ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ማንኪያ በሞላች ቁጥር እየተገለበጠች ዝናብ እንደምትቆጥር ማን ነግሮኝ?

በበጋ ቡሪ ላይ ይዘንብ ጀመር። ሐጁ ግራ ቢገባቸው መመሪያውን የሚጽፉትን ሰዎች ጠየቁ። አንዱ፣ ደመናዎ ሰዓት አክባሪ ነው፣ ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ብቻ ይሠራል ብሎ ቀለደባቸው። ሌላው ማሽኑ ተበላሽቷልና ይንቀሉት አለ። ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። እኔ ግን «ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ» የሚለውን ስሰማ ዓይኔ ማድ ቤት ወዳለው ጆግ ሄደ።

ብናገር እንዳልባረር ፈራሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሬዲዮናቸውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ነው የተሰናበተችው ይባላል። ይህን ቤት ካጣሁ ደግሞ ከተማው ዳር፣ ካላክላ፣ የአክስቴ ልጅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኮራምቶ ሥራ መፈለግ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ሐጁ ካቻቢቴያቸውን ይዘው መሰላሉን ሲወጡ አየኋቸው። ሊነቅሉት ነው። ፊታቸው የታመመ ልጅ ሐኪም ቤት የሚወስድ ሰው ይመስል ነበር፤ አላስቻለኝም።

«ያ ሐጅ፣ ዝናቡ እኔ ነኝ» አልኳቸውና ጆጉን አሳየኋቸው።

አንዴ ጆጉን፣ አንዴ ጣራውን አዩ። ከዚያ መሰላሉ ላይ ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሱብሃንአላህ! ይህን ሁሉ ጊዜ ሰማዩን ስመረምር፣ ደመናዬ ለካ ማድ ቤት ነበረች።»

አላባረሩኝም፤ ይባስ ብለው ሥራ ጨመሩብኝ። መመሪያው ላይ አቧራ ስለሚበዛበት አገር ምንም አልተጻፈምና ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። እኔ ስነግራቸው እሳቸው ጻፉ፦ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ማንሳት፤ ውኃ የግድ ከሆነ፣ ማሽኑ ዝናብ ብሎ እንዳይቆጥረው፣ መጀመሪያ ሽቦውን መንቀል። የሐሰት ዝናቡ ከመዝገብ እንዴት እንደሚጠፋ እሳቸው ጨመሩበት።

በመጨረሻ ሌላ የምጨምረው እንዳለ ጠየቁኝ። እንቅልፍ ያጣሁበት ሳምንት ትዝ አለኝ።

«ያጠበ ሰው ይናገር» አልኳቸው፤ «የተናገረውንም አትቆጡት ብለው ይጻፉ።»

ሐጁ አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳያርሙ እንዳለ ጻፉት።